የመሃሉ ስፒከር

መርሳ አጠገብ ከባድ መሣሪያ በወደቀበት ዓመት የአቶ አብዱልጀሊል ጆሮ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ የቴሌቪዥኑ ሙዚቃ እንጂ ንግግሩ አይለይላቸውም። ዜናውን ጮክ ብላ የምትደግምላቸው ልጃቸው ሉብና ነበረች፤ እንዳይጨነቁ ክፉ ክፉውን ትዘለዋለች።

በቀጣዩ ክረምት «እስቲ ራሴ ልስማ» ብለው ስፒከር እንድትገዛ ወልድያ ላኳት። ነጋዴው፣ ቤት የሚያነቃንቁ ትልልቅ ስፒከሮች አሳያት።

«እኔ የምፈልገው ንግግር የሚያጠራ ነው» አለችው። ሁሉንም አስከፍታ አዳመጠችና ከስክሪኑ ሥር፣ መሃል ላይ የሚቀመጠውን መረጠች።

ቤት ወስዳ ስትገጥመው የቀትር ዜና እየተነበበ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጥርት አለልኝ!» አሉ አባቷ። ጥቂት እንዳዳመጡ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «በቆቦ በኩል ውጊያው እንደገና ተጀምሯል ይላል። አንቺ ሰላም ነው አላልሽኝም?»

ሉብና ድምፁን ቀነሰችው።

«በይ ተነሽ፣ ዕቃችንን እንሸክፍ» አሏት። ሳይመሽ የደሴን አውቶቡስ ያዙ።