ለተዘጋው ጤና ጣቢያ የቀረበ ምስጋና

ባሌ አድማሴ ለብሔራዊ ሸንጎ ሲመረጥ ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። «ከብት ያለው ያግባሽ ወይስ አፍ ያለው?» ቢሏት «አፍ ያለው» ያለችው ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም። አድማሴ ሲያገባኝ ከብት አልነበረውም፤ አፍ ግን ነበረው። የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ የድንበር ጠብ ሲዳኝ ሁለቱም ወገኖች የረቱ መስሏቸው ነበር ወደየቤታቸው የሚገቡት። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከተናገረልን የማይሆን ነገር የለም አልን።

የምንፈልገው አንድ ነገር ነበር። ከኮሶዬ መንገድ ዝቅ ብላ ባለችው ቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ሠርተናል። ወንዶቹ ድንጋይ ፈለጡ፣ እኛ ሴቶች አሸዋና ውሃ በጀርባችን አመላለስን፣ መንግሥት ቆርቆሮና ሚስማር ሰጠ፤ ቤቱ ቆመ። ቆሞም ቀረ። አልጋ የለው፣ መድኃኒት የለው፣ ሐኪም የለው። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ጥላው ሥር ፍየል ያመሰኳል። ምጥ የጠናባት ሴት እንደ ድሮው በቃሬዛ ወደ መንገድ ትወጣለች። የጭነት መኪና ከቆመላት ጎንደር ትደርሳለች፤ ካልቆመላት እግዜር ያውቃል። ልጄ እናኑ የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው እዚያ መንገድ ዳር፣ ጉም ውስጥ፣ መኪና ስንጠብቅ ነው። አሁን ደግሞ ዳግመኛ አርግዛለች። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ስለተወሰደ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። አድማሴ ሸንጎ ሲሄድ ለሌላው ሰው የቀበሌ ጉዳይ ይዞ ነበር የሄደው፤ ለእኔ ግን የልጄን ነፍስ ነበር የያዘው።

«ገና ስትነሣ ሐኪም ስጡን በል» አልኩት ኮቱን እያራገፍኩ።

«እሳት ልትጭር እንደመጣች ጎረቤት? ሳልቀመጥ፣ ሰላም ሳልል?» አለኝ።

ይህን ያስተማሩት አያ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። አያ ወልደ ዮሐንስ በንጉሡ ጊዜ የርስት ሙግት ይዘው ዙፋን ችሎት ድረስ የዘለቁ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚህ አገር እሳቸውን ሳያማክር ሙግት የሚጀምር የለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉት። «ትልቅ ሰው ፊት ምስጋና ይቅደም። ጉዳይህን የምታነሣው ልትወጣ ስትል ነው። ያን ጊዜ እምቢ ለማለት ያፍራል።»

በእርግጥ በእኛ ዘንድ ልማዱ ይኸው ነው። በሬ ሊዋስ የመጣ ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ የቀረበለትን ይበላል። ከዚያ ዱላውን ይዞ ይነሣና አንድ እግሩን ከደጃፉ ካወጣ በኋላ «ያችን በሬህን ለነገ…» ይላል። ቀድሞ የጠየቀ ባለጌ ይባላል። እኔ ራሴ እንዲህ ነው ያደግሁት። ግን ሆዴ አልወደደውም።

ስብሰባው በራዲዮ የተላለፈ ቀን አገሩ ሁሉ በማኅበሩ ቤት ደጅ ተሰበሰበ። የአድማሴ ስም ሲጠራ እናኑ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ስለ መልካሙ ዝናብ አመሰገነ። ስለ መንገዱ አመሰገነ። ፓርቲውን አመሰገነ። ከዚያ «ጤና ጣቢያ እንድንሠራ ቆርቆሮና ሚስማር ለሰጠን መንግሥታችን የቀበሌያችን ሕዝብ፣ በተለይም እናቶች፣ ምስጋናቸውን በእኔ በኩል ያቀርባሉ» አለ። አያ ወልደ ዮሐንስ «ሸጋ! አሁን ወደ ጉዳዩ ይጠጋል» ብለው የዝንብ ጭራቸውን ወዘወዙ። አድማሴም «እንግዲህ ልሰናበት ስል…» ብሎ ሲጀምር ደወል ተደወለ። ሰብሳቢው የተሰጠው ደቂቃ ማለቁን ነግረው አመሰገኑት፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ቀጥሎ ስለ ቡና የሚናገር ሰው ተነሣ።

እናኑ እጄን ለቀቀችኝ። ተነሥታ ወደ ቤት ሄደች። እኔ ተናድጄ የማደርገው ጠፋኝ። ያ ሁሉ አፍ፣ ያ የሰው ሁሉ አስታራቂ፣ ለተቆለፈ ቤት አመስግኖ ተቀመጠ።

ሲመለስ እግሩን እንኳ አላጠብኩለትም። «ምነው አድማሴ?» አልኩት።

«ልደርስበት ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደወል እንዳለ ማን ነገረኝ?»

የምስጋናው ፍሬ የመጣው ከክረምቱ በኋላ ነው። ጓድ በላቸው የሚባል የፓርቲ ሰው ከጎንደር መጥቶ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ እንግዳ ጤና ጣቢያችንን ሊጎበኝ መሆኑን ነገረን። እንግዳው ሸንጎው ላይ ነበር፤ የእናቶቹ ምስጋና ልቡን ነክቶታል። አድማሴ ቤቱ ዝግ መሆኑን ሲነግረው ጓድ በላቸው ሳቀ።

«ባገር ፊት ያመሰገንከው አንተ ነህ። ዝግ ነው ብለን ማን ፊት እንቁም? ይከፈታል» አለው።

እውነትም ተከፈተ። በጉብኝቱ ጧት አንድ አይፋ የጭነት መኪና አልጋ፣ አንሶላና የመድኃኒት ካርቶን ጭኖ ከጎንደር ደረሰ። ታየች የምትባል ጤና ረዳትም ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ወረደች። ፍየሎቹ ተባረሩ። ማታ ዕቃውም እሷም እንደሚመለሱ ሾፌሩ ሲያወራ ሁላችንም ሰማን። ጓድ በላቸው ዞር ዞር ብሎ አየና «ታማሚ የለም እንዴ?» አለ። ዓይኑ ያረፈው እናኑ ሆድ ላይ ነው። «አንቺ ነይ፣ ተኚ» አላት። ተኛች።

እንግዳው ረጋ ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። አልጋዎቹን አየ፣ እናኑን «አይዞሽ» አላት፣ እኛም እልል በሉ ስለተባልን እልል አልን። እንዲህ ያለ እልልታ ጉሮሮ ይፍቃል። ጉብኝቱ ሲያልቅ አድማሴ እንደ ወጉ እንግዳውን ሊሸኝ ተከተለ። እንግዳው የመኪናውን በር ከፍቶ አንድ እግሩን ሲያስገባ አድማሴ በሩን ያዘ።

«ጓድ፣ አንድ ነገር ቀርታኛለች» አለ። «እነዚህ አልጋዎች ማታ ይመለሳሉ። ጤና ረዳቷም ትመለሳለች። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ዝግ ነው። የተኛችው ልጄ ናት፤ የበኩሯን መንገድ ላይ ነው ያጣችው። ሸንጎ የገባሁት ይህን ልለምን ነበር።»

ጓድ በላቸው መሬት መሬቱን አየ። እንግዳው መነጽሩን አውልቆ አድማሴን ተመለከተው።

«ታዲያ ሸንጎው ላይ ምነው አልተናገርክም?»

«አልደረስኩበትም» አለ አድማሴ።

እንግዳው መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ወደ ጓድ በላቸው ዞሮ «ዕቃው ይቆይ፤ ጤና ረዳቷም ትቆይ። አዲስ አበባ ስደርስ ለሚመለከታቸው እነግራለሁ» አለና ሄደ።

መኪናው ኩርባውን ሳይጨርስ ጓድ በላቸው «ጫኑ!» አለ። ትእዛዝ በጽሑፍ እስኪደርሰኝ ድረስ ዕቃው የሌላ ቦታ ንብረት ነው፣ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለ። ፊቱን ወደ አድማሴ አዙሮ «ከአንተ ጋር ደግሞ ጎንደር እንገናኛለን» አለው። የጫኞቹ እጅ አልጋውን ሲይዝ እናኑ አልተነሣችም።

«ታማሚ ብላችሁ ያስተኛችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለች። «አልዳንኩም።»

እኔ ገብቼ ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ ወጣሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጫማዬንም አላወለቅሁም። እልል ስንል የነበርን ሴቶች ሁሉ ተከታትለን ገባን፤ ነፍሰ ጡሯም፣ አሮጊቷም፣ ምንም ያላመማትም አልጋ ያዘች። ጫኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጓድ በላቸው ታየችን «ውጪ፣ መኪና ላይ ውጪ» አላት። ታየች ጋዋኗን እያወለቀች ነበር፤ መልሳ ለበሰችው። «አልጋው ሁሉ በሽተኛ ይዟል፣ ጓድ። ጥዬ ብሄድ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለችው። አይፋው ባዶውን ተመለሰ። ትእዛዙ በሳምንቱ ደረሰ፤ ታየችም እኛው ዘንድ ተመደበች።

አድማሴን ግን ጎንደር ጠሩት። ፓርቲውን በእንግዳ ፊት አዋርደሃል ተብሎ በስብሰባ መካከል ሂስ ወረደበት፤ ራሱም ግለ ሂስ እንዲያቀርብ ተደረገ። ሊቀመንበርነቱን ነጠቁት። ሸንጎው ላይ መቀመጡን አልከለከሉትም፤ የመናገር ተራ ግን ከዚያ ወዲያ አልደረሰውም። ሲመለስ እንደ ሰው ወግ ገብቶ ተቀመጠ፣ የቀረበለትን በላ፤ ስለ ሂሱ ያወራው ስቆ ነው። የሳቀው ለእኔ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። እግሩን አጠብኩለት።

እናኑን ምጥ የያዛት በኅዳር ነው። ልጁ በእግሩ መጣ፤ ደሙም አልቆም አለ። ታየች ክንዷ ድረስ ደም ለብሳ ስትታገል አድማሴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ የልጄን ራስ ይዤ ማርያም ማርያም እላለሁ። ፀሐይ ሳትገባ ሴት ልጅ ተወልዳ አለቀሰች፤ ደሙም ታየች በወጋቻት መርፌ ቆመ።

ታየች ወጥታ እጇን ስትታጠብ አድማሴ ተነሣ። ዓይን ዓይኗን ያያታል። እሷም ድካሙ ስላሸነፋት ነው መሰለኝ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። «ሁለቱም ደኅና ናቸው» አለችው። «መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ሁለቱንም ትቀብሩ ነበር።»

ያ አፈኛ ባሌ፣ በስብሰባ ሲያዋርዱት፣ የማኅበሩን ማኅተም ሲቀበሉት ያላለቀሰው ሰውዬ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም ዝም አላሰኘሁትም።