የጄኔሬተሩ ክፍል ማስታወቂያ

የካዛንቺሱ ሆቴል ጥበቃ ዘነበ በዕድሜው እውነት ለመናገር የቸኮለው ያን ቀን ብቻ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ ባቡሩን በእግሬ ቀድሜዋለሁ ብሎ የማለ ሰው ነው፤ ከኦሎምፒያ እስከ ስታዲየም ሰላም ቢል እንኳ የሚያምነው የለም።

ፍሬሰላም በዚያው ሆቴል ላውንደሪ እርጥብ አንሶላ ትሸከማለች። አምስት ወር ሙሉ ሆዷን በነጠላ ጠፍንጋ ደበቀች፤ በስድስተኛው ተነቃባት። አስተዳዳሪው ታዲዎስ ቁርጡን ነገራት፦ «እስከ አስር ሰዓት 'በፈቃዴ ለቅቄአለሁ' ብለሽ ፈርሚ። አለዚያ ያለ ሥራ ልምድ ወረቀት ትባረሪያለሽ።» ከቤተሰቧ ደግሞ ሠርቶ የሚያመጣ ከእሷ ሌላ የለም።

ዘነበ ናፍጣ ሊሞላ ጄኔሬተሩ ክፍል ሲገባ፣ ከእሱ በቀር ማንም በማይረግጠው ጨለማ ውስጥ፣ የመንግሥት ማህተም ያረፈበት የሠራተኞች መብት ማስታወቂያ ተለጥፎ አየ። በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ገንጥሎት ሮጠ፤ ፍሬሰላም ልትፈርም ወደ ቢሮ ስትወጣ ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«ፍሬ፣ እንዳትፈርሚ! ነፍሰ ጡር ናት ተብሎ ማባረር የለም! ከወሊድ በፊት ሠላሳ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ዘጠና፣ ከነደሞዝሽ! ከባድ ነገርም አትሸከሚም፣ በቃ!»

«ጋሽ ዘነበ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ።»

«ማህተሙን እዪው እንጂ!»

«ባለፈውስ በቆርኪ ማህተም መትተው 'ለፋሲካ በግ ይታደላል' ብለው ገመድ አስይዘው አላሰለፉንም?»

ዘነበ በእናቱ እንዳይምል፣ ስንቴ ምሏል። በዑራኤል እንዳይል፣ ታቦቱም ታዝቦታል።

ተከትሏት ቢሮ ገባ። እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ሊነካ ሲል መልቀቂያውን ነጥቆ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀው። አኘከ። ዋጠ።

«አበድክ እንዴ ሰውዬ!» አለ ታዲዎስ። «ምን ችግር አለ፣ ሌላ ፕሪንት አደርጋለሁ።»

ፕሪንተሩ ሲንቋቋ ፍሬሰላም የዘነበን ፊት አየች። ሲዋሽ ሁሌ የሚስቀው ዓይኑ እንባ ሞልቶታል። ማስታወቂያውን ከእጁ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አቶ ታዲዎስ፣ ይሄ ውሸት ነው ይበሉኝና ልፈርም።»

ታዲዎስ ወረቀቱን አየ፤ መስኮቱን አየ፤ ክራቫቱን ነካካ። ውሸት ነው አላለም።

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «እንግዲያው ወደ ሥራዬ ልሂድ። አንሶላውን ግን ሌላ ሰው ይሸከመው።» ብላ ወጣች።

«አንተ ግን፣» አለ ታዲዎስ ወደ ዘነበ ዞሮ፣ «ዩኒፎርማችንን አውልቅ።»

ዘነበ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ፈለገው። ወረቀት ለዋጠ ጥበቃ የሚሆን አንቀጽ አልነበረውም። የኮቱን ቁልፍ መፍታት ጀመረ።