ይደግማል

«ደሳለው ይደግማል አሉ!»

ጎረቤታችን አያ ባየህ ይህችን ወሬ ከወረታ ገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ሲያዞራት ከረመ። ከሰላምታ በፊት እሷን ነው የሚያስቀድማት።

ደሳለው ወንድሜ ነው። ዩኒቨርሲቲ ግብርና ሲያጠና አንድ ዓመት ቀርቶት ለክረምት መጣ። «ትምህርትስ?» ላለው ሁሉ «አንዱን እደግማለሁ» አለ፣ የዋህ! ወድቄበታለሁና እንደገና እማረዋለሁ ማለቱ ነው። ይኸው ልጅ ለጥናቱ ከየሰዉ ሩዝ ማሳ አፈር እየቆነጠረ በፌስታል ይቋጥራል። የሰው አፈር አንሥቶ የሚደግም ምን እንደሚባል በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል። አባታችን መሪጌታ ነበሩና «ከአባቱ መጽሐፍ ነው» ተባለ።

አባታችን ካረፉ ወዲህ ማሳችንን በደቦ የሚያርምልን ጎረቤት ነበር፤ «ልጁ ይማር፣ ለአገር ይተርፋል» እያለ። በዚያ ክረምት አረም ሲደርስ አንድ ሰው አልመጣም። አያ ባየህን ከነጓደኞቹ በራሱ ማሳ ላይ አገኘሁት።

«አያ ባየህ፣ የሚደግመው ትምህርት ነው!»

«እኔስ መቼ አይደለም አልኩ? የድግምቱን ትምህርት ነዋ!»

ሳቁ።

«ድግምት ቢያውቅ መጀመሪያ የእርስዎን ምላስ ባሰረው!»

«ሰማችሁልኝ? ምላስ ያስራል! እህቱ መሰከረች!»

ሩዙን አረም ከዋጠው እናታችን የምትቀምሰው የላትም። ደሳለው ጥሏት አልሄደም። እሱና እኔ ውሃው ውስጥ ጎንበስ ብለን ስንነቅል የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ አለፈ። «ለከርሞ ና» አሉት። ለከርሞም አረሙ ቀድሞ ጠበቀው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ትምህርት ማንሣት ተወ።

ዛሬ ወረታ መገንጠያው ላይ የጭነት መኪና ይጭናል። አያ ባየህ ደግሞ በየስብሰባው ይነሣና «ሩዛችን ቢጫ እየሆነ ነው፤ ባለሙያ ይላክልን! ያለ ተማረ ሰው አገር አይለማም!» ይላል። ይጨበጨብለታል። እኔም አጨብጭቤለታለሁ፤ እንዲህ ያለ የማያፍር ፊት በየቀኑ አይገኝም።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ላደርስለት መገንጠያው ሄጄ ሳለ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ሰው ከሚኒባስ ወርዶ ወደ ደሳለው ሮጠ። ንብረት ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ አብሮት ይማር ነበር። ወንድሜን ከነአቧራው አቀፈው።

«የት ጠፋህ አንተ? ስልክህ አይሠራ!»

«የምደግመው ነበረኝ፤ ሳይሆንልኝ ቀረ» አለ ደሳለው፣ ጆንያውን እያወረደ።

«የቱን?» አለ ንብረት። «ያ ውጤት እኮ ተሳስቶ ነው የተለጠፈው፤ መስከረም ላይ ታረመ። ከእኛ ክፍል የደገመ አንድም ሰው የለም።»