ቀዩ ክብ

«ትንፋሽዎን ይልቀቁ አባባ። ጨርሰናል።»

ክንዴ ትንፋሹን ለቀቀና ሸሚዙን ከማንጠልጠያው አወረደ። የራጅ መኪናው ሽኩና ዳሌት በሚባለው የበርሸባ ሰፈር፣ ከሽማግሌዎቹ ክበብ ፊት ለፊት ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ሚስቱ የሻሽወርቅ ከእሱ ቀድማ ራጅ ተነስታ፣ ሳንባሽ ንጹሕ ነው ተብላ፣ የነገውን ጉዳይ ልታሰናዳ ወደ ቤት ሄዳለች። እሱም ቶሎ መውጣት ፈልጓል። ቁልፉን ያለቦታው ቆለፈ፤ ፈታና እንደገና ቆለፈ።

ራጅ አንሺዋ ሲቫን ግን ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አልነቀለችም። የክንዴ ደረት እንደ ጉም ነጣ ብሎ ይታያል። ከቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሎ ቀይ ክብ ተሰምሮበታል።

«ያን ማን አሰመረው?»

«ኮምፒውተሩ። ፎቶውን ራሱ ያነባል። የሳንባ ነቀርሳ የሚመስል ነገር ሲያይ ይከብበዋል።»

«ሐኪም ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ ጠቋሚ ነው። የዳነ ጠባሳንም ይከብባል። ድሮ ታመው ያውቃሉ?»

«ሱዳን፣ መጠለያው ውስጥ። እዚህ እስራኤል ስንገባ ክኒን ሰጡኝ፣ ዳንሁ።»

«የያኔው ፎቶ ቢኖር ዶክተሩ አስተያይቶ ይለየው ነበር። እዚህ የለም። ማታ ማታ ያልብዎታል?»

«የበርሸባ ሙቀት ማንን አያልበውም?»

«አባባ፣ ጥር ነው እኮ!» ሲቫን ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠች። ማስክና የአክታ ብልቃጦች ሰጠችው። «እስኪጣራ ድረስ ከሰው ጋር አንድ ክፍል አይቀመጡ። በተለይ ሕፃን አይቅረቡ።»

«የልጅ ልጄ ነገ ይገረዛል። ሳንዳኩ እኔ ነኝ። በጭኔ ይዤ የማስገርዘው እኔ ነኝ።»

«ሎ፣ አይሆንም አባባ» አለች ሲቫን ራሷን እየነቀነቀች። «ሎ። የመጀመሪያው ውጤት ከነገ ወዲያ ነው የሚደርስ።»

ክንዴ አውቶቡሱን ትቶ በእግሩ ሄደ። መንገድ ተሻገረ፤ የተሻገረበትን ምክንያት አጥቶ ተመለሰ። ልጁ ኤያል ሊያገባ ሲል መጀመሪያ ያማከረው የሚስቱን የሪናትን አባት ነበር። ለክንዴ የተነገረው አዳራሹ ከተያዘ በኋላ ነው። የሰርጉ ዕለት ክንዴ «ምች መታኝ» ብሎ ከቤቱ ቀረ። ምች እንዳልሆነ ያላወቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ቃል አልተለዋወጡም። ባለፈው ሳምንት ሕፃኑ ሲወለድ ኤያል ደወለ። «አባ፣ አንተ ያዝልኝ» አለ። ሌላ ነገር አላለም።

የሻሽወርቅ ሕፃኑ የሚተኛበትን ነጭ ትራስ ጥለት ስትሰፋ አገኛት። ክንዴ አልተቀመጠም። በረንዳ ላይ ወጥቶ ከዚያ ሆኖ ነገራት።

«ቀስ ይበሉ፤ ግድግዳው ስስ ነው» አለች መርፌዋን ትታ። «ሳንባ አለበት ከተባለ እኛ ቤት ውሃ የሚጠጣ ማን ነው? ምች መታኝ ይበሉ።»

«ምቹንማ ለሰርጉ ጨረስሁት።»

የሻሽወርቅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። «ታዲያ ይሂዱ። ማስኩን አድርገው፣ ለአንዲት ደቂቃ። አሁን እንዲያው ቢቀሩ ልጅዎ ዳግመኛ አይደውልም። ጠባሳ ነው፣ ራስዎ ያውቁታል።»

ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህ ብርድ ሌሊት እየተነሳ ካናቴራ ሲቀይር ሰንብቷል። ይህን ኮምፒውተሩ አላየም። ክንዴ ግን ያውቀዋል። ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሰ። ማስኩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

ከታች መኪና ቆመ። ኤያል ወረደ። ጎረቤታቸው እማማ አባይነሽ ከበሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች።

«አባ! ትራሱን ልወስድ መጣሁ!»

«አትውጣ! እዚያው ቁም!»

የኤያል ፊት ጠቆረ። «ማ ኮሬ? ምን ሆነሃል? ደግሞ ምች ነው?»

አባይነሽ አንገቷን ወደ ላይ አቀናች። እሷ የሰማችውን እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ክንዴ የበረንዳውን ብረት ጨበጠ።

«ምች አይደለም። ራጅ ተነስቼ ነበር። ሳንባዬ ላይ ነገር ታይቷል፤ ነቀርሳ ይሁን ጠባሳ ገና አልተለየም። ለልጅህ አልቀርብም። ነገ የምቀረው አኩርፌ አይደለም፣ ስማኝ!»

ኤያል የመኪናውን በር እንደያዘ ቀረ። አባይነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እግዜር ይማርዎ። ደብቆ ከመሄድ ይሻላል። የእኔው ሰውዬ ሕመሙን እንደደበቀ ነው የሞተ።»

«አባ፣ አናድርገው እንግዲያ፤ አንተ እስክትድን ይቆይ» አለ ኤያል።

«ስምንተኛው ቀን አይቆይም። አገር ቤት እናትህ አንተን ስትወልድ፣ እንደ ሕጋችን ለብቻዋ በአራስ ጎጆ ነበረች። ዙሪያው በድንጋይ የተከበበ ነበር። አርባ ቀን ከድንጋዩ ማዶ ቆሜ ነው ያየሁህ። ማንም ልጅህን አልቀረብህም ብሎ አልሰደበኝ። አሁን ክቡ የእኔ ነው፤ በቃ።»

ኤያል በእጁ ጀርባ ዓይኑን አበሰ። «ማን ይያዘው ታዲያ?»

«የሪናት አባት።»

«እርሱን? ስሙን እንኳ ጠርተኸው አታውቅም።»

የሻሽወርቅ ትራሱን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ክንዴ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መነጽሩን አደረገ።

«ቁጥሩን ንገረኝ» አለ። «እኔው ራሴ ልለምነው።»