የኦጅዋክ ካርቡራተር

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ባሮ ከአፉ ወጥቶ የዳር ሰፈሩን ጠራረገ። በቆሎው ውሃ ተኝቶበት በሰበሰ። ከደጋ የሚወርደው መንገድ ተቆርጦ ጨው ጠፋ፣ ቤንዚን ጠፋ። ወባ ቤት ሳይመርጥ ገባ። ሰው ደረቅ መሬት ፍለጋ ሬሳ ተሸክሞ ዞረ። ዘኪያን ምጥ የያዛት በዚያ ክረምት ነው። የባሏ የፈረጅ ፒካፕ ደጅ ላይ አልነሣም ያለውም በዚያው ቀን ነው።

ፈረጅ ይህን ሁሉ ያስብ የነበረው ከዓመታት በኋላ፣ በወዳጁ በመካኒኩ በኦጅዋክ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ ቆሞ ነው። ኦጅዋክ በተቀበረ ማግስት ነበር። ለቀስተኛው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ሴቶቹ ከሟች ሚስት ከአባንግ ጋር ቤት ውስጥ ናቸው። ያልተቀመጠ ፈረጅ ብቻ ነው። እስከ አጥሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ስልኩን አውጥቶ ያያል፣ መልሶ ይከተዋል።

«ተቀመጥ እንጂ» አለው ኩዋኒ፣ የሟች ታላቅ ወንድም። «ቆሞ የሚውል ሽመላ ነው።»

ፈረጅ እሺ አለ፤ ግን አልተቀመጠም። ዓይኑ የኦጅዋክ መኪና ላይ ነበር።

መኪናዋ ከለቀስተኛው መሀል ቆማለች። የድሮ ላንድሮቨር ነበረች። መንገድ ሠሪዎች ጥለዋት ሲሄዱ ኦጅዋክ በገመድ አስጎትቶ አመጣት። ጣሪያዋን በመጋዝ ቆርጦ ጣለው። ከኋላ የከባድ መኪና ጎማ፣ ከፊት ትናንሽ ጎማ ስላገባላት አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፍታ ነው የምትቆመው። በሆዷ የአሮጌ ቶዮታ ሞተር ከተተላት። የጭስ ማውጫዋን ከውሃ ቧንቧ ሠርቶ በጎን አወጣው። የሰፈሩ ሰው ጉማሬ ይላታል።

ኦጅዋክ የሚተዳደረው ወደ ኩሌና ወደ ጀዊ የስደተኛ ጣቢያዎች የሚመላለሱ የእርዳታ መኪኖችን እየጠገነ ነበር። ያ ለልጆቹ ጉርስ ነው። ቅዳሜ ግን የራሱ ነበረች። አንድ ፈረንጅ ጥሎት በሄደ መጽሔት ላይ እንዲህ ያለች ዝቅ ያለች፣ ሞተሯ የተገለጠ መኪና አየ። ሥዕሉን ቀዶ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ከባሮ ድልድይ እስከ አቦል በአንድ ትንፋሽ እነዳታለሁ ብሎ ማለ።

አልነዳትም። ኮፈኗ መሀሉ ተቆርጦ የሞተሩ አናት ይታያል። ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለው ካርቡራተር ሊቀመጥበት በሚገባው ቀዳዳ ላይ የካኪ ሸሚዝ ቁራጭ ተወትፏል። እንሽላሊት እንዳይገባ ኦጅዋክ ራሱ የወተፈው ነው። ካርቡራተሩ የት እንደገባ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ፈረጅ ወስዶታል።

በዚያ የውሃ ክረምት፣ ዘኪያ ስታምጥ፣ ኦጅዋክ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ እየረገጠ መጣ። የፒካፑን ኮፈን ከፍቶ አየ። ካርቡራተሩ ተሰንጥቋል። ተመልሶ ሄደ። ሲመጣ የራሱን ካርቡራተር ብብቱ ሥር ይዞ ነበር። ጉማሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ካሰማች ገና ሳምንት አልሞላትም ነበር። ሰውየው ከደስታው የተነሣ እንቅልፍ አጥቶ የሰነበተበት ጊዜ ነው።

ካርቡራተሩ እንደሌላው አልነበረም። በውስጡ ቤንዚን ሲሞላ ከፍ፣ ሲጎድል ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ አለ። የፋብሪካው ተሰብሮ ስለነበር ኦጅዋክ ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ላይ ከሚያስሩት ቀላል እንጨት ቀርጾ ሠራው። እንጨቱ ቤንዚን እንዳይጠጣ የአባንግን የጥፍር ቀለም ቀባው። ቀይ ነበር። አባንግ ያን ዕለት ቀለሟን ፈልጋ ብታጣ፣ ባሏን በመኪናዋ ውስጥ ተኝቶ ሲቀባ አገኘችው። ይህን ወሬ ዘኪያ እስከ ዛሬ እየሳቀች ታወራዋለች።

ፒካፑ ተነሣ። ዘኪያ ሐኪም ቤት ደረሰች። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር አለ ሐኪሙ። ልጃቸው ሚስኪ ተወለደች።

ውሃው ሲጎድል እመልስልሃለሁ አለ ፈረጅ። ውሃው ጎደለ። ሱቁ ግን የቀለም፣ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ነው፤ ያለ መኪና አይሆንም። ኋላ ንግዱ ሲንኮታኮትበት ፒካፑን መቲ ከተማ ላለች የቡና ነጋዴ ሸጠው። ገዢዋ ያኔውኑ አስነሥታ ሄደች፤ ካርቡራተሩም አብሮ ሄደ። ፈረጅ ሌላ ካርቡራተር ገዝቶ አመጣ። ኦጅዋክ አገላብጦ አየውና መለሰለት። ከዚያ የተሻለም አመጣ፤ እሱንም መለሰ። የኔን አምጣ፣ ያችን በጄ የቀረጽኳትን፣ ይላል። ይቺ መኪና የሰው ልብ አትቀበልም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ጨዋታ ሆነ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ፈረጅ ይመጣል። ኦጅዋክ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ፣ እጁ ግራሶ እንደለበሰ ይጠይቀዋል።

«ፈረጅ፣ የኔ ካርቡራተር ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል።»

«መቼ ይመጣል?»

«መንገዱ ሲደርቅ።»

መንገዱ ስንት ጊዜ ደረቀ፣ ስንት ጊዜ ረጠበ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦጅዋክ ጨርቁን ነቅሎ ጥቂት ቤንዚን በቀዳዳው አፍስሶ ሽቦ ያነካካል። ጉማሬ አንዴ ሁለቴ ጮኻ ትጠፋለች። እሱም ጨርቁን ይመልሳል። ጊዜ አለ ብለው ነበር ሁለቱም። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፤ ኦጅዋክም ዓርብ ሳይደርስ ሞተ።

ኩዋኒ ፈረጅን ወደ አጥሩ ወሰደው። በነሱ ቤት ሟች ጀምሮ የተወው ሥራ ከለቅሶው እንደማያልፍ ነገረው። ለቅሶው አልቆ ምንጣፍ በሚነሣበት ቀን ወይ ተጨርሶ ይገኛል፣ ወይ ፈርሶ ይወጣል። አሮጌ ብረት ገዢው ተነግሮታል፤ በዚያ ቀን ጠዋት ይመጣል። ያዘዘችው አባንግ ራሷ ናት። «የምትሄድ ከሆነ ትሂድ። የማትሄድ ከሆነ ሁለተኛ ሬሳ ግቢዬ ውስጥ አልጠብቅም ብላለች» አለው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ፈረጅ በመቲ መንገድ ላይ ነበር። ለሚስቱ እንጂ ለማንም አልተናገረም።

ለቅሶ ቤት ወሬው አላረፈም። ዘኪያ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ነጋዴ ነው፣ ሱቁ ናፈቀው አሉ። አንዷ ደግሞ፣ አባንግ ሐዘን ላይ ሆና እንኳ እሱ ሥጋችንን አይበላም ብላ ዓሣ ለብቻው ያስቀመጠችለት ሰው እንዲህ ያደርጋል ወይ አለች። ዘኪያ ቀና ብላ አላየችም። አባንግም ሰማች። የፈረጅ ዓሣ በሰሐን እንደተከደነ ዋለ፣ እንደተከደነ አደረ።

መቲ ላይ የቡና ነጋዴዋ ደመቀች በፒካፑ አሁንም ትሠራበታለች። ፈረጅ አዲስ ካርቡራተር ይዞ ሄዶ ነበር። ይህን ላስገጥምልሽ፣ አሮጌውን ስጪኝ አላት።

«አዲስ ሰጥቶ አሮጌ የሚወስድ ነጋዴ አይቼ አላውቅም» አለች። ዓይኗ ጠረጠረ። «ምን ደብቀህበታል?»

የሟች አደራ ነው አላት። ደመቀች ፊቱን አየች። ከዚያ መካኒክ ልትጠራ ራሷ ሄደች።

ፈረጅ ጋምቤላ ሲመለስ ለቅሶው ሊበተን ነበር። ካርቡራተሩ የመቲ ጭቃና የዘይት እድፍ ለብሶ መልኩ ጠፍቷል። እንዲህ ይዤው አልገባም አለ። ከሱቁ ባልዲ አውጥቶ ቲነር ሞላና ነከረው። ቀለም ሻጭ ለቆሸሸ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ቲነር ነው። ሲያወጣው ብረቱ ነጥቶ አበራ። የባልዲው ቲነር ወደ ቀይ አድልቶ ነበር። ዝገት መሰለውና ደፋው።

ግቢው ሲደርስ የብረት ገዢው መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ሰውየው ጎማዎቹን በእግሩ እየነካካ ዋጋ ያሰላል። ፈረጅ ሰላምታም አልሰጠም። ጨርቁን ነቀለ፤ የት እንደሚያኖረው ቸግሮት ኪሱ ከተተው። ካርቡራተሩን አስቀምጦ ብሎኖቹን አሠረ። የኦጅዋክን ባትሪ አምጥቶ አገናኘ፤ ሽቦዎቹንም አነካካ። ሞተሩ ጮኸ። መዘምራኑ መዝሙሩን አቋረጡ። ወዲያው ታፍኖ ጠፋ። ቤንዚን በካርቡራተሩ ጎን ተርፎ እየወረደ መሬት ላይ ተንጠባጠበ።

ደገመ። ታፈነ። ሠለሰ። ላቡ በአፍንጫው ወረደ። ብረት ገዢው ሰዓቱን አየ።

ፈረጅ ካርቡራተሩን ፈትቶ ሆዱን ከፈተው። ተንሳፋፊው ከታች ተኝቷል፤ ቤንዚን ጠጥቶ ከብዷል። ቀይ አልነበረም። እንደ አጥንት ነጥቷል። ያኔ ባልዲው ውስጥ የቀላው ቲነር ትዝ አለው።

የኦጅዋክን የእጅ ሥራ በገዛ እጁ አጥቦ ደፍቶታል። እንጨቷን መዳፉ ላይ ይዞ ቆመ።

አባንግ ከቤት ወጣች። ከቀብሩ ወዲህ ወንዶቹ ወዳሉበት አልመጣችም ነበርና ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀ። እንጨቷን አየች፤ ፈረጅንም አየች።

«በምን አጠብከው?»

«በቲነር።»

«ቀለም ትሸጣለህ፣ ቀለም አታውቅም» አለች።

ከለቀስተኛው አንድ ሁለት ሰው ሳቀና አፉን ያዘ። አባንግ እንጨቷን ከመዳፉ ወስዳ ኮፈኑ ላይ አኖረቻት። የጋምቤላ ፀሐይ ብረቱን አግሎታል፤ እንጨቷ የጠጣችውን እየተፋች ደረቀች። እስክትደርቅ አባንግ ገብታ ወጣች። በእጇ ትንሽ ጠርሙስ ነበር። በሐዘን ቀሚሷ፣ ጥፍሯ እንደ ባዶ ዛጎል ነጥቶ፣ መኪናዋን ተደግፋ መቀባት ጀመረች። አልቸኮለችም። አንዱን ጎን ጨርሳ እፍ አለችበት፤ ገለበጠችው፤ ሌላውንም ቀብታ እፍ አለችበት። የልጅ ቁስል ላይ እፍ እንደሚባለው ነበር። ብረት ገዢው ሊናገር ሲል ኩዋኒ ትከሻውን ያዘው።

ቀለሙ ሲደርቅ ለፈረጅ ሰጠችው። ፈረጅ ገጠመ። ብሎኗ ሁለት ጊዜ ወደቀችበት። ሽቦዎቹን አነካካ።

ጉማሬ ጮኸች። አልጠፋችም። በውሃ ቧንቧው ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ ድምፅዋ ተስተካክሎ ወፍራም ሆነ። የማንጎው ቅጠል ተንቀጠቀጠ። ዶሮዎች ሸሹ። ኩዋኒ ባርኔጣውን አወለቀ። ብረት ገዢው ወደ መኪናው ተመለሰ። ፈረጅ አንድ ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለ በሞተሩ ጩኸት ማንም አልሰማም። ከኪሱ የካኪውን ጨርቅ አውጥቶ ለአባንግ ዘረጋላት። ተቀበለችው። አጥፋ በጉያዋ ከተተችው።

የኦጅዋክ የለስላሳ ሳጥን ጎማው ሥር ነበር። እሱ ከታመመ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። አባንግ ጎንበስ ብላ ገለበጠችው፤ አቧራውን በመዳፏ ጠርጋ በእግሯ ወደ ፈረጅ ገፋ አደረገችው።

ፈረጅ ተቀመጠ።