ኦክቶፐስ የለም ብለህ ጻፍ

ቢ ሪዚኪ ከዳሱ ጀርባ ተቀምጣ ካሳቫ ስትልጥ ሸሃ ፋኪ ከተፍ አለ። ቢ እንደ ወይዘሮ ነው፤ ሸሃ ደግሞ የመንደር ሹም ነው፤ ማኅተሙ ከሸሚዝ ኪሱ፣ ቆቡ ከራሱ አይለዩም። ዛሬ ደግሞ ሽቶ ተቀብቷል። ሸሃ ፋኪ ሽቶ ተቀባ ማለት ከከተማ ሰው መጣ ማለት ነው።

«ቢ ሪዚኪ፣ እንኳን ደስ አለሽ!»

«ምን ሊወስዱብኝ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ዳሱ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ከዳሬሰላም ድረስ የመጣው ላንቺ ነው። ‹ሳይሞቱ ሊበሉባቸው የሚገቡ ዐሥር ቦታዎች› የሚል ዝርዝር ያወጣል። ከመላው የፔምባ ደሴት ያንቺን ምግብ ቤት መርጧል። አምና ዝርዝሩ ውስጥ የገባው ቤት ዛሬ ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሞ ይበላል አሉ። የፈለገው አንድ ሰሃን ኦክቶፐስ ብቻ ነው። በኮኮናት ወተት።»

የቢ ሪዚኪ ቢላዋ ቆመ። ከተቀመጠችበት ባሕሩ ይታያል። ውሃው ሸሽቶ የኮራሉ ድንጋይ ብቅ ብሏል፤ ድንጋዩ ላይ ከተተከለው እንጨት ጫፍ ቀይ ጨርቅ ይውለበለባል። የመንደሩ፣ የምሳንጋኒ፣ ሴቶች ያንን ጨርቅ ከሰቀሉት ሦስት ወር ሊሞላው ነው። እስኪወርድ ድረስ ማንም ከዚያ ድንጋይ ኦክቶፐስ አይወጋም። ኦክቶፐስ ሰነፍ አይደለም፤ ሦስት ወር ከታገሡት ጭብጥ የማይሞላው ቅርጫት አልበቃ ብሎት ይጠብቃል። የቀረው አራት ቀን ነው። ቀኑን የምትቆጥረው ደግሞ የሴቶቹ ሊቀመንበር፣ ራሷ ሪዚኪ ናት።

ቆጠራው ቀልድ አይደለም። አምና በእገዳው ወቅት ከገዛ ታናሽ እህቷ ከሚዜ ቅርጫት አንዲት ኦክቶፐስ ተገኘች፤ ሪዚኪ የእህቷን መውጊያ መላው መንደር እያየ ጉልበቷ ላይ ሰበረችው። ከዚያ ወዲህ ሚዜ ደጇን ረግጣ አታውቅም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ለሪዚኪ ፍየል ሰላምታ ሰጥታ ታልፋለች።

«ጨርቁ አልወረደም» አለች ሪዚኪ።

«አራት ቀን እኮ ነው የቀረው!»

«ታዲያ አራት ቀን ይቀመጥ። ባሕሩ የትም አይሄድ።»

«ልጁ ነገ ተመላሽ ነው። አንዲት ኦክቶፐስ! ባሕሩ ቆጥሯት ያውቃል?»

«እኔ ቆጥሬያታለሁ። ውሳኔው ላይ ማኅተም የመቱት እርስዎ ነዎት፤ ረሱት?»

«ማኅተሙ ለመንደሩ ሰው ነው። እንግዳ ሌላ ነው።»

«ኦክቶፐሷ እንግዳውን በምን ትለየው?»

ሸሃው ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሪዚኪ፣ አራቱ ጠረጴዛዎችሽ የቆሙት እኔ በፈረምኩት አሸዋ ላይ ነው። የፈረምኩትን ደግሞ መሰረዝ አያቅተኝም።»

ሪዚኪ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና እንግዳው ወደተቀመጠበት ወጣች፤ ሸሃው ሽቶውን አስከትሎ ተከተላት።

እንግዳው ዴኦ የሚባል ወጣት ነው። ባዶ ሰሃን ፊቱ አስቀምጦ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ ያነሳል። ብርሃን እየለካ ነው አሉ። አጠገቡ በተደፋ ታንኳ ላይ፣ ዓመት ሙሉ እዚህ ያልታየችው ሚዜ እግሯን አንፈራጣ ተቀምጣለች።

«አትደንግጪ ዳዳ» አለች ሚዜ፤ ታላቅ እህት የሚጠራው እንደዚያ ነው። «ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት። ጉልበትሽ ለእህት ብቻ ነው የሚጠናው ወይስ ለዳሬሰላም ሰውም ይሠራል?»

ዴኦ ብድግ ብሎ በአክብሮት እጅ ነሳ። «ቢ ሪዚኪ፣ እርስዎን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ጽሑፉን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ፎቶው ብቻ ነው።»

«ሳትበላ?»

«ርዕሱም አለ። ‹በሕይወቴ የበላሁት ምርጥ ኦክቶፐስ›።»

«ጣፍጦህ ነበር?»

«በጣም!» አለ ልጁ፤ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው። ሚዜ ታንኳው ላይ ሆና ሳቋን ለቀቀችው።

«እንግዲያው ጠግበሃል። ኦክቶፐስ የለም» አለችው ሪዚኪ፤ ስለ ቀዩ ጨርቅና ስለ አራቱ ቀን አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ልጁ መጥፎ አልነበረም፤ ሰማት። ከዚያ ግን ራሱን አከከ።

«ገባኝ፣ ገባኝ። ግን ለአንባቢ የሆነ ነገር መጠቆም አለብኝ። ባዶ ገጽ ልልክ?»

«ብዕርህን አውጣ። ኦክቶፐስ የለም ብለህ ጻፍ። ጨርቁ ከሚወርድበት ከቅዳሜ በፊት ያቀረበልህ ካለ ሌባ ነው፣ ይሄንንም ጻፍ። ሸሃውን አትየው፣ ወረቀትህን እይ! ጠዋት መስጊዱ ሲበተን ቢ ታቱ ደጁ ላይ የሩዝ ቂጣ ትጠብሳለች። ከሁለተኛው ዙር ብላ፤ የመጀመሪያውን ሁልጊዜ ታሳርረዋለች። ስታመሰግናት ትቆጣለች፤ ዝም ብለህ ድገም። መንገድ ላይ ቅርንፉድ እንዲደርቅ ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ ካየህ በዳር እለፍ። ምንጣፉን የረገጠ እስከ ሰባት ቤቱ ይሰደባል። የሌሊት ወፎቹን ጫካ ለማየት ጃንጥላ ያዝ።»

«ዝናብ አለ?»

«ዝናብ አላልኩም።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት፤ ገባውና ጻፈ።

«ፎቶ ላይ የሚያምረው ባሕር ዳርቻ ውስጡ እሾህ ነው፤ የሚዋኝበት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። እዚያ ልጆቹ አለቃ ናቸው፤ አስፈቅደህ ግባ።»

ይህን ብላ ወደ ጓዳ ገባችና ሰሃኑን ሞልታ መጣች። ድንች ድንች የሚለው ትልቁ የዛፍ ፍሬ፣ ሸሊሸሊ፣ በፍም ተጠብሶ፣ ላዩ ላይ የኮኮናት ወተትና ጥርስ የሚያክሉ ደረቅ ዓሣዎች። ዴኦ አንዴ ጎረሰ። ፎቶው ትዝ ያለው ሰሃኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው።

ሸሃ ፋኪ ሊፈነዳ ደረሰ። «ሸሊሸሊ? ለዝርዝሩ ሸሊሸሊ? ፍየል የሚበላውን! ስሚኝ ሪዚኪ፣ ቅዳሜ እነዚህ ጠረጴዛዎች ከዚህ አሸዋ ይነሳሉ። በማኅተም!»

 ሪዚኪ ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። እንጨቱን የገዛችው በሁለት ዓመት ድካም ነው። ከዚያ ሸሃውን አየችው፤ አብረው ቁርዓን ሲቀሩ ፊደል እያየ ከሷ ይኮርጅ የነበረውን ፋኪን።

«ለምን እስከ ቅዳሜ ትደክማለህ፣ አንተ ፋኪ?» አለችው። ‹እርስዎ› እዚያው ቀረ። «የኔ እንጨት ባንተ አሸዋ ላይ አያድርም።»

የዳሩን ጠረጴዛ ገልብጣ ራሷ ላይ አደረገችና ወደ መንደሩ አቀበት ወጣች። ተመልሳ ሁለተኛውን ያዘች። ይሄኛው የማንጎ እንጨት ነው፤ ንቅንቅ አልልም አለ። ሌላኛው ጫፍ በድንገት ከመሬት ሲነሳ ቀና አለች። ሚዜ ናት።

«ይቅር ብላኛለች ብለሽ እንዳታወሪ» አለች ሚዜ።

«አላወራም። ከፍ አድርጊ።»

«ዓመት ሙሉ አኩርፌ በመጣሁበት ቀን ጠረጴዛ ታሸክሚኛለሽ? ደግሞ ይሄ እንጨት ነው ድንጋይ?»

«እያወራሽ አትክበጂ፤ ሂጂ።»

ሦስተኛውንም እንዲሁ አደረሱ። የቀረው ዴኦ የሚበላበት ነበር። ሁለቱ እህቶች ግራና ቀኝ ሲቆሙ ልጁ ምንም ሳይባል ሰሃኑን አንስቶ ተነሳ፤ ጠረጴዛው ሲሄድ እያኘከ ተከተለ።

«የት ነው የምንሄደው?»

«ቤቴ ጓሮ፣ ዛፍ ሥር። ዛፉን የተከለው የባሌ አያት ነው፤ ለጥላው የሚፈርም የለም።»

«አድራሻውን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የጠየቀ ያገኘዋል። ለመጠየቅ የኮራ ይራብ።»

«እንግዳዬን የት ነው የምትወስጂው?» ብሎ ጮኸ ሸሃው ከባዶው ዳስ ሥር።

ሪዚኪ ዞራ አላየችውም፤ ጠረጴዛውን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረች እንጂ።

«ምሳ ከፈለግህ» አለች ጮክ ብላ፣ «ወንበሮቹ እዚያ ቀርተዋል፤ ይዘሃቸው ና!»