ፊውዝ የሌለው ሽቦ

ሰፈሩ ሁሉ ቴስተር ይላታል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቴስተር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለሠራች፣ በልጅነቷ በወጣላት ስም የሚጠሯት እናቷ ብቻ ናቸው። ለማንም ጎንበስ የማትል፣ የተናገረችውን የማታጥፍ ሴት ናት። ለአንድ ሰው ብቻ ትሸነፋለች፤ ለታላቅ ወንድሟ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ዛሬም «ጋሼ» ትለዋለች።

ወንድሟ በያጅ ነው፤ የብረት በርና አጥር ይሠራል። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና እናታቸው ግቢ ገብቶ እሱ ያዘዛቸውን ትልልቅ ሣጥኖች አራገፈ። ሣጥኖቹ ውስጥ መኪና ነበረች፤ ገና ያልተገጣጠመች። ሻንሲ፣ ከፋይበርግላስ የተሠራ ቀይ ቦዲ፣ አራት ጎማ፣ በየላስቲኩ የታሰረ ብሎን፣ አንድ ወፍራም መመሪያ። ባለቤቷ እቤቱ ራሱ የሚገጣጥማት ዓይነት ናት። ሞተሩን ከአሮጌ መኪና አውጥቶ አመጣ። ብረቱን በእጁ ጨረሰው። የቀረው ኤሌክትሪኩ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን ለእኔ ተወው» አለችው።

ማይክሮኮንትሮለር የሚባሉ ትንንሽ ሰሌዳዎች አሉ። ተማሪዎችና ለጊዜ ማሳለፊያ የሚነካኩ ሰዎች ይገዟቸዋል። ከክብሪት ሣጥን አይበልጡም፤ ኮምፒውተር ላይ የጻፉላቸውን ትእዛዝ ግን ሳይሰለቹ ሌት ተቀን ይፈጽማሉ። ቴስተር ሁለት ተጠቀመች። አንደኛው የሞተሩን ሙቀት እየለካ የራዲያተሩን ፋን ያስነሳል፤ ሙቀቱ ልክ ካለፈ ይጮሃል። ሁለተኛው ፍጥነቱን፣ ነዳጁንና ሙቀቱን ዳሽቦርዱ ላይ በተገጠመች ትንሽ ስክሪን ያሳያል።

አሥራ አንድ ወር እሁድ እሁድ ሠራች። ጥሩምባው በተነፋ ቁጥር የፋኑ ሰሌዳ እንደ ደነገጠ ሰው ሁሉን ረስቶ ከሀ ይጀምር ነበር፤ ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት እሁድ ፈጀባት። እያንዳንዱን ሽቦ በየመጠኑ መረጠች፣ ለእያንዳንዱ ፊውዝ ሰጠች፣ ጫፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችበት። የወንድሟ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሽቦዎቹ እንዳይፋተጉ ከወፍራም ጨርቅ ልባስ ሰፋችላቸው። ሁለቱ ሴቶች ጓደኛሞች ነበሩ። መኪናዋ ስትነሳ ሦስቱም ተቃቅፈው ጮኹ።

ከዚያ አንድ ቀን ፋኑ አልነሳ አለ። ጥፋቱ የቴስተር ነበር፤ አልካደችም። በብሎን ያሰረችው አንድ ጫፍ በንዝረት ላልቶ ተገኘ። «የእኔ ስንፍና ነው፣ ጋሼ» ብላ ጫፎቹን ሁሉ ፈትታ በየደቻቸው። ለእሷ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ለወንድሟ ግን አላበቃም። መኪና ወዳድ ጓደኞቹ ኮፈኑን ከፍተው ሰሌዳውን ሲያዩ ስቀውበት ነበር። «ይሄ እኮ የልጄ መጫወቻ ነው! ትምህርት ቤት መብራት ብልጭ ድርግም የሚያደርጉበት!» አሉት። እሱም አብሮ ሳቀ። የእነሱ ሳቅ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ።

ከወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባልና ሚስቱ ዳገት ሲወጡ ከመሪው ሥር ጭስ ወጣ። ወዲያው የእሳት ላንቃ ታየ። ሰውየው መኪናዋን ለማቆም ሲታገል፣ ሚስቱ የሚነደውን ሽቦ በባዶ እጇ መንጭቃ በጠሰችው። እሳቱ ጠፋ። የቀኝ እጇ መዳፍና ሁለት ጣቶቿ ተቃጠሉ። መቀስ የምትይዝበት እጅ።

ቴስተር እሁድ ጠዋት እናቷ ቤት ስትደርስ ሁሉም ተቀምጠው አገኘቻቸው። የልብስ ሰፊዋ እጅ እስከ አንጓው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ አርፏል። ቴስተር ልትስማት ጎንበስ ስትል ወንድሟ፣

«ያ መጫወቻሽ ሊገድለን ነበር» አላት።

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«የቱ ጋ ነው የተነሳው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የሠራሽው አንቺ አይደለሽ? ስንት ሰው ነግሮኝ ነበር። እህቴ ናት፣ አይከፋት ብዬ ነው እንጂ።»

እናታቸው መቀነታቸውን እያፍተለተሉ፣ «ልጄ፣ አውቀሽ አላደረግሽው። ተነሽና ይቅርታ ጠይቂው። ታላቅሽ ነው። እሷንም ጠይቂያት፤ እጇን እይው እስቲ» አሏት።

ልትጠይቅ ተነስታ ነበር። እውነቱን ለመናገር አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የትኛው ጫፍ እንደ ከዳት ሳታውቅ ይቅርታ ማለት አልሆነላትም። «መጀመሪያ ልየው» ብላ ወጣች።

«ምኑን ታዪዋለሽ? ተቃጥሏል አልኩሽ እኮ!» እያለ ወንድሟ ከኋላዋ ጮኸ።

መኪናዋ ግቢው ጥግ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ቴስተር ሸራውን ገፈፈች፣ ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን በብሎን መፍቻ አወረደችው፣ በጀርባዋ ተንጋላ አንገቷን አስገባች። የቃጠሎ ሽታው ያፍናል። ጥቂት ጊዜ ምንም አልገባትም፤ የራሷን ሥራ ስትፈልግ የሰው ሥራ ነው ያገኘችው። ከባትሪው ቀጥታ የመጣ አንድ ቀይ ሽቦ፣ ለትንሽ አምፖል እንጂ ለፋን የማይሆን ቀጭን፣ በእጅ ወደሚጫን ማብሪያ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ፋኑ ይሄዳል። መሐሉ ላይ ፊውዝ የለም። የነደደው እሱ ነው። የእሷ የፋን ሰሌዳ ቦታው ላይ የለም። አራት ሽቦዎቿ ተቆርጠው ጫፋቸው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ የእጅ ጽሑፏ እንኳ ይነበባል፦ «ፋን»፣ «ሙቀት»።

ስክሪኑ ብቻ አልተነካም።

ደሟን ያፈላው ይሄ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ወንድሟ ገበያ ድረስ በዚህችው መኪና ወስዷት ነበር። ስክሪኑ በርቶ፣ ቁጥሩ እየተቀያየረ። «አየሽው ሥራሽን? እንደ ሰዓት ይሠራል እኮ!» ብሏት ነበር። እሷም እንደ ሕፃን ደስ ብሏት መስኮቱን ከፍታ ነፋስ እየመታት ሄደች። ያኔ ሰሌዳው ተቆርጦ ወጥቷል፤ ፕላስተሩ ላይ የተጋገረው አቧራ የሦስት ሳምንት ይሆናል። እያወቀ ነው ያሞገሳት።

የነደደውን ሽቦ ከነማብሪያው ነቅላ ገባችና እናቷ ፊት ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ይሄ የማነው?»

ወንድሟ ሊነሳ ወንበሩን ገፋ።

«ጋሼ፣ አንተን ነው! ይሄን ሽቦ ማን ነው የዘረጋው? ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅምብኛለህ? ሰሌዳዬ እኮ መኪናው ውስጥ የለም!»

«መታጠፊያው ጋ ያለው የመኪና ኤሌትሪሻን ነው» አለ ወንድሟ ወለሉን እያየ። «ባለሙያ ይየው ብዬ... ለጊዜው...»

«እኔ ባለሙያ አይደለሁም?»

«አልወጣኝም እንደዚያ።»

ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። ሴትየዋ ፋሻዋን ታያለች፤ ቀና አላለችም።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አትንገሪያት፣ ይከፋታል አለኝ።»

«ቅድምስ? መጫወቻሽ ሲለኝ፣ ይቅርታ ጠይቂ ስባል፣ ያኔስ ምን ነበር የያዘሽ?»

ልብስ ሰፊዋ የተጠቀለለውን እጇን ወደ ደረቷ ሳበች።

«በቃ!» አሉ እናት። «ከእንግዲህ የወንድምሽን ገበና አደባባይ አታውጪ። ሆነ፣ አለፈ። ቤተሰብ ነን።»

«የእኔን ጥፋት ልታወጡ ስትሉ ገበና አልነበረም፣ እማዬ። ይቅርታ ጠይቂ ነበር የተባለው» አለች። እንዳታለቅስላቸው ወጣች።

ሰኞ ኤሌትሪሻኑ ጋ ሄደች። ልትሰድበው አፏን ሞልታ ነው የሄደችው። ሰውየው ቅባት የነካው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማትና፣

«እህቴ፣ ውሸት አልወድም» አላት። «ሽቦው ቀጭን ነው፣ ፊውዝም አላስገባሁበትም፣ ነገ ጠዋት ተመለስ አልኩት። ከጓደኞቼ ጋር ቀጠሮ አለኝ ብሎ ይዟት ሄደ። ቀረ። እኔም ላስነሳት አይገባኝም ነበር፤ ይሄ የእኔ ጥፋት ነው። ያንቺን ሰሌዳ ግን አውጣው ስባል አዘንኩ። ንጹሕ ሥራ ነበር።»

ሰሌዳውን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት። ይዛው የመጣችው ስድብ ሁሉ ባለቤት አጥቶ አፏ ውስጥ ቀረ።

አንድ ወር እናቷ ቤት ሳትሄድ ቀረች። ከዚያ ወንድሟ ሱቋ በር ላይ ቆመ፤ ከእሳቱ የተረፉትን የእሷን ሽቦዎች በማዳበሪያ ጆንያ ይዞ።

«እስከ መቼ ነው የምታኮርፊው? ነይና እንደ ድሮው አርጊው።»

«እማዬ ፊት ተናገር። እሳቱ የእሷ አልነበረም፣ እኔ ዋሸሁ በል። ያን ቀን እመጣለሁ።»

«በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ ልሁን?»

«እኔ ስሆን አይተህ የለ።»

ጆንያውን ወለሉ ላይ ጥሎት ሄደ። ቴስተር የተሰነጠቀ ሬዲዮ ፊቷ አስቀምጣ እስኪመሽ አንድ ብሎን እንኳ ሳትፈታ ዋለች። ያሳደጋት ሰው ነው። ንዴቷን ያባሰውም ይኸው ነው።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ፋሻው ወልቋል፤ አዲሱ ቆዳ ሮዝ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ሁለቱ ጣቶች በደንብ አይታጠፉም።

«ይቅርታ ልልሽ አልመጣሁም» አለች። «ብልሽም አትቀበይኝም። መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። የመጣሁት እንድታስተምሪኝ ነው።»

«ምኑን?»

«ሽቦውን። ሁለተኛ ምን እንደሆነ የማላውቀው ነገር ላይ አልቀመጥም። እሱ የሚለኝንም አላምን። እኔው ራሴ እዘረጋዋለሁ።»

ቴስተር በሩን ልታሳያት ነበር። ዓይኗ የሴትየዋ እጅ ላይ አረፈ።

«ተቀመጪ» አለች። «የሽቦ መላጫውን በግራ እጅሽ ያዢ።»

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። እንደ ድሮው ሳቅ የለም። «እንደሱ አይደለም! ውስጡን ነካሽው፣ ቁረጪውና እንደገና!» ትላለች ቴስተር። ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ ትቆርጣለች። አንድ ቀን መበየጃውን አስቀምጣ፣ «እየተበቀልሽኝ ነው?» አለቻት። ቴስተር ትንሽ አሰበችና፣ «አዎ፣ ግን ብየዳውም ልክ አልነበረም» አለች። ልብስ ሰፊዋ አየችው። እውነትም ልክ አልነበረም።

ሽቦዎቹን ግቢው ድረስ ወስዳ የዘረጋችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ቴስተር ቤት ሳትገባ አጠገቧ ቆማ ከመናገር በቀር አልነካችም። ወንድምየው በር ላይ ቆሞ ያያል። አንዴ፣ «አለቀ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሚስትህን ጠይቃት» አለችው እህቱ፤ ፊቷን ሳትመልስ።

ባለቀ ቀን ልብስ ሰፊዋ ለባሏ እጇን ዘረጋች፤ ያንኑ የተቃጠለውን። ቁልፉን ሰጣት። አፉን ከፈት አድርጎ ነበር፤ እናቱ በረንዳው ላይ መቆማቸውን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ቴስተር አይታዋለች። «ዋሸሁ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ አልወጣም፤ እሷም እስከ ዛሬ እጁን አትጨብጥም።

መኪናዋ ተነሳች። ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑ በራሱ ጊዜ ዞረ። ሁለቱ ሴቶች ከግቢ ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ ማርሹን አንገጫገጨችው።

«ቀስ በይ እንጂ! ልትሰብሪው ነው?» ጮኸች ቴስተር።

«አንቺ ደግሞ ሽቦውን እንጂ መንዳቱን ማን ጠየቀሽ?»

እየተጨቃጨቁ መታጠፊያውን አለፉ። ወንድምየው መንገዱን ጥቂት ሲያይ ቆየና የግቢውን በር ዘጋ።